መልሱን ብቻ

«ቲቸር፣ ዛሬ መልሱን ብቻ ይላኩልኝ።»

መልእክቱ የተላከው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ያየሁት ራት በልቼ ስጨርስ፣ ማታ 2 ሰዓት ገደማ። ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈበት የደብተር ገጽ ፎቶ አለ፤ የስልኩ ጥላ ገጹ ላይ አጥልቷል። አጉልቼ ሳነበው የ11ኛ ክፍል ጥያቄ ነው፦ ኤክስ ሲደመር 1፣ ለኤክስ ሲቀነስ 3 ተካፍሎ፣ ውጤቱ ከ2 የሚበልጥ ወይም ከ2 እኩል የሚሆነው ለየትኞቹ የኤክስ ዋጋዎች ነው?

እኔም እንደ ልማዴ መለስኩ። «እስቲ መጀመሪያ አንቺ የሞከርሽውን አሳይኝ።»

ይህችን ስጽፍ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ እንደነበር አልክድም። ጥሩ አስተማሪ የሚጽፋት ዓረፍተ ነገር ናት። ጊዜው የሐምሌ 2015 መጨረሻ ነበር። በማግስቱ ስንነቃ የሞባይል ዳታ የለም። በዚያው ሰሞን በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከጽሑፌ ጎን መልእክቱ መላኩን የምታሳየው አንዲት ምልክት ብቻ ቀረች። መነበቡን የምታሳየው ሁለተኛዋ ከአንድ ዓመት በላይ አልመጣችም።

በዚያ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ራሴን የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ልጅቷ መልስ ጠየቀችኝ፤ መልሱ እጄ ላይ ነበር፤ አልሰጠኋትም። ያደረግኩት ትክክል ነበር ወይ?

ማን እንደሆንኩ ላስቀድም። ቀን ቀን ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግን ማቴማቲክስ ነው። ሐሳቤ መምህር መሆን ነበር፤ ያው እንጀራ ወደ ሌላ ወሰደኝ። ማታ ማታ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር በቴሌግራም የሚመጡ የተማሪ ጥያቄዎችን እንሠራለን። ደሞዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ስም እንኳን በቅጡ አላወጣንለትም። አንዷ ጓደኛችን ዋሽንግተን ናት። እኛ ስንተኛ እሷ ከሥራ ትወጣለች፤ ስለዚህ እኩለ ሌሊት የመጣ ጥያቄም አንዳንዴ ሰው ያገኛል።

ነገሩን እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ በስዋርትሞር ኮሌጅ «ዶክተር ማዝን ጠይቁ» የሚል አገልግሎት ተጀምሮ፣ በጎ ፈቃደኞች ከየትም የሚላክላቸውን የልጆች የሒሳብ ጥያቄ በኢሜይል ይመልሱ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ሳልማን ካን የሚባል ሰው ሌላ ከተማ የምትኖር የዘመዱን ልጅ በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ካን አካዳሚ የበቀለው ከዚያች አንዲት ልጅ ጥናት ነው። እኛ ጋ ደግሞ ኮምፒውተር የሌለው ተማሪ ስልክ አያጣም፤ የራሱ ባይሆን የወንድሙ። ስልኩ ላይ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚጫነው ቴሌግራም ነው። ነገሩ በዚያ በኩል መጣ።

ከሰዎቹ ጋር ደንባቸውም አብሮ መጣ። በጎ ፈቃደኞች በሚያስተምሩባቸው ቦታዎች አንድ ሕግ የተለመደ ነው፦ የቤት ሥራ መልስ አይሰጥም፤ ተማሪው የሞከረውን ያሳይ፣ አስተማሪው ከዚያ ይነሳ። እኛም ይህንን ያዝን። ምክንያት አጥተን አይደለም።

አንዱ ምክንያት አገሩ ራሱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየተሰረቀ ስላስቸገረ፣ የ2014 ተፈታኞች በ2015 መግቢያ ወደየዩኒቨርሲቲው ተወስደው በዚያ ተፈተኑ። ኩረጃው ሲዘጋ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ። ከዚያ በኋላ 5.4 ከመቶ። እነዚህ ቁጥሮች ሲነገሩ ብዙ ወላጅ ደነገጠ፤ እኔ ግን የታየኝ ለዓመታት ልጆቻችን እጅ ላይ ስናስቀምጥላቸው የኖርነው የማይሠራ መልስ ነው።

ሌላው ምክንያት ሰፈሬ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ጎረቤታችን ነው፤ እናቱ ቡና ስታፈላ እኔን ሳትጠራ አትቀርም። ልጁ የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል፣ እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ እሠራለታለሁ፣ እሱ ይገለብጣል። «እግዜር ይስጥልን፣ አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር» ትለኛለች እናቱ። ደስ ይለኝ ነበር። የቤት ሥራው ሁሌ ሙሉ ነው። የሴሚስተር ፈተናው ሲመጣ ከ100 ውስጥ 19 አመጣ። እናቱ ያን ጊዜም አመሰገነችኝ፤ «አንተማ የምትችለውን አድርገሃል» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ቡናው ጉሮሮዬን አልፎ አልወርድ አለኝ። የልጁን ድካም ወስጄ ለራሴ ምስጋና ገዝቼበታለሁ። ስለዚህ ደንቡን ስይዝ በልቤ ንስሐ እየገባሁ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው፣ መጋቢት 2015 ላይ። ከደባርቅ መንገድ ወጣ ያለ ደጋ ውስጥ ያለች ቀበሌ ናት አገሯ። ዳባትን አልፎ ወደ ደባርቅ የሄደ ሰው ያንን አገር ያውቀዋል፤ ገብስና ባቄላ፣ ነፋስ፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚወርድ ጉም። መጀመሪያ የጻፈችልኝ ስለ ክፍልፋይ ነበር። ቀስ በቀስ ሌላውን ነገር ሰማሁ። ስልኩ የወንድሟ ነው። ሰፈራቸው ኔትወርክ አይይዝም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲወጣ ይይዛል። ወንድሟ ከብት ሲመልስ አብራው ትወጣና ትልካለች፤ ሳይጨልም ትወርዳለች። የእኔን መልስ የምታየው በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ በምትወጣበት ቀን ነው። ፓኬጅ ካለ። ቻርጅ ካለ።

ይህንን ሁሉ አውቅ ነበር። አውቄም ነበር «እስቲ የሞከርሽውን አሳይኝ» የምላት።

እሷ አንድ ቀን «ቲቸር፣ ይኸ ነገር በነፃ ነው አይደል?» ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። «አዎ፣ በነፃ ነው» አልኳት። አሁን ሳስበው መልሴ ውሸት ነበር። ነፃ የሚለው ቃል የሚያየው ገንዘብ ተቀባዩን ብቻ ነው። እኔ አልተቀበልኩም፤ እሷ ግን ከፍላለች። የካርድ ከፍላለች፣ የዳገት ከፍላለች፣ ወንድሟን ለምናለች፣ የውኃና የእንጨት ጊዜዋን ሰርቃ ኋላ በእናቷ ቁጣ ከፍላለች። እኔ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ስጠይቃት የሚያስወጣኝ አሥር ሴኮንድ ነው። እሷን ግን ሌላ አንድ ዳገት ያስወጣታል።

ጥያቄ በመጠየቅ ማስተማር ሲነሳ ሁሉም ሶቅራጥስን ይጠራል። በፕላቶን «ሜኖን» ውስጥ ሶቅራጥስ አንድ ያልተማረ አገልጋይ ልጅ ያስጠራና አፈሩ ላይ ካሬ ይሥልለታል። ጎኑ 2፣ ስፋቱ 4። ስፋቱ እጥፍ፣ ማለትም 8፣ የሚሆን ካሬ ጎኑ ስንት ነው? ልጁ በልበ ሙሉነት 4 ይላል። ሲያሰሉት 16 ይሆናል። 3 ይላል፤ 9 ይሆናል። ከዚያ ልጁ አላውቅም ይላል። ሶቅራጥስ መልሱን «አልነገረውም»፤ እየጠየቀ፣ እየጠየቀ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ወደምትሄደው መስመር ያደርሰዋል። በእሷ ላይ የሚሠራው ካሬ 8 ነው።

ታሪኩን ዩኒቨርሲቲ ሆኜ ሳነብ ፈዝዤ ነበር። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ግን ያላየሁትን ነገር አየሁ። ልጁ ሶቅራጥስ ፊት ቆሟል። አንዱ ጥያቄ ከሌላው የሚርቀው በትንፋሽ ነው። ልጁ ሲሳሳት ፊቱ ይታያል፤ ሲደክም ይታወቃል። እነዚያን ሁሉ ጥያቄና መልሶች በእኔና በልጅቷ ፍጥነት ብናደርጋቸው፣ በቀን አንዱን ብንል፣ ገና ካሬው ሳይሠራ ክረምት ይገባል። ዘዴው ውብ ነው፤ ግን የቅርብ ሰው ዘዴ ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ የቅርብ ሰው መሰልኩ።

ለነገሩ እኛ ጎንደሮች ሌላም ዓይነት ማስተማር እናውቃለን። አጎቴ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ውሻ እየተከላከሉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ለምነው የተማሩ። የኔታ ገንዘብ አይቀበሉም ነበር ይላሉ፤ ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ ታናሹን ያስቀጽላል። በጎ ፈቃደኛ አስተማሪ የሚባለው ነገር ለዚህ አገር ከኢንተርኔት ጋር የመጣ እንግዳ አይደለም።

ታዲያ እዚያ ቤት መልስ አይደበቅም። መጀመሪያ ሙሉው ይሰጣል፣ በቃል ይያዛል፤ ትርጓሜው ኋላ ይመጣል። አጎቴ ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። 12 ዓመቴ ነበር። በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፣ ለ19 ግደፍ፣ ከተረፈው ላይ አንድ ቀንስ፣ ወንበር ይባላል። ወንበርን በ11 አባዝተህ 30 30 እያልክ ግደፈው፣ አበቅቴ ነው። ወንበርን በ19 አባዝተህ እንዲሁ አድርግ፣ መጥቅዕ ነው። ለ2015 ብናደርገው፦ 7515 ለ19 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ ወንበሩ 9። 9 በ11፣ 99፤ አበቅቴው 9። 9 በ19፣ 171፤ መጥቅዑ 21። «አበቅቴና መጥቅዕ ቢደመሩ ምንጊዜም 30 ነው፤ ካልሆነ ተሳስተሃል» አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የገባኝ ከዓመታት በኋላ አልጀብራ ስማር ነው። 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ናቸው፤ ወንበሩ ምንም ቢሆን ድምሩ በ30 የሚካፈል መሆኑ አይቀርም። ያን ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። አጎቴ ሙሉውን መልስ ሰጥተውኝ ነበር፤ ምክንያቱን የማግኘት ደስታ ግን አልተወሰደብኝም። እንደውም የሚፈተሽበት ሚዛን አብረው ሰጥተውኛል።

እንግዲህ ሁለት ነገር አለ። ለጎረቤቴ ልጅ መልስ ሰጠሁት፣ ጎዳሁት። አጎቴ መልስ ሰጡኝ፣ ጠቀሙኝ። መልስ መስጠት በራሱ በጎም ክፉም አይደለም ማለት ነው። የልጅቷ ጥያቄ ራሱ ይህንን ነገር በራሱ ቋንቋ ይላል። በዚያ ጥያቄ ላይ ተማሪ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት ሁለቱንም ጎን በ«ኤክስ ሲቀነስ 3» ማባዛት ነው። ኤክስ ከ3 የሚበልጥ ከሆነ ችግር የለም። የሚያንስ ከሆነ ግን የምታባዛበት ቁጥር ነጋቲቭ ነው፤ «ይበልጣል» የነበረው «ያንሳል» ይሆናል። ምልክቱን በማታውቀው ነገር አታባዛ፣ እያልኩ ስንት ተማሪ ተቆጥቻለሁ። እኔ ደግሞ ደንቤን ሁኔታውን ባላጣራሁት ሰው ሕይወት ላይ አባዛሁት። ፒያሳ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ለተቀመጠ ልጅ «እስቲ ሞክር» ማክበር ነው። ጉብታ ላይ ቆማ ባትሪዋ 4 ከመቶ ለደረሰ ልጅ ያው ቃል በር መዝጋት ሊሆን ይችላል።

ዋሽንግተን ያለችው ጓደኛችን በዚህ አትስማማም። ዳታው ሲመለስ ይህንን ሳነሳባት ተቆጣች። «ለድሃ ሲሆን መልስ፣ ለሀብታም ሲሆን ማሰብ እናስተምር ነው የምትለው? ይኼ ንቀት ነው እኮ!» አለችኝ። ቃሏ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። የገጠር ልጅ ስለሆነች ማሰቡ ይቅርባት ማለት ከሁሉ የባሰ ስድብ ነው። ግን ንቀት ሌላም መልክ አለው። «መልሱን ብቻ» ያለ ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ መነሳትስ ምን ይባላል? እኔ መልእክቷን ሳነብ «ለምን ይሆን መልሱን ብቻ ያለችው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ደብል አድርጌ አየኋት። የእሱን በደል ከእሷ ላይ አወራረድኩ።

በዚያ ዓመት መሥሪያ ቤታችን በመስመር የሚገባው ኢንተርኔት ሲሠራ ቴሌግራሜን እየከፈትኩ አያለሁ። ያው አንዲት ምልክት። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ሳይሰጥ የቀረ መልስ ግን ይነቅዛል። አንድ ሌሊት ተነስቼ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ልልከው ግን አልቻልኩም። ያን የመሰለ መልእክት ከዓመት በኋላ ድንገት ሲደርሳት ምን ይሠራላታል ብዬ ተውኩት።

ነሐሴ 2016 ላይ፣ ዳታው ጎንደር ከተማ ውስጥ ከተመለሰ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ምልክቷ ሁለት ሆነች። ወዲያው መልእክት ተከተለ።

«ቲቸር ደህና ነዎት? ጎንደር አክስቴ ጋ መጥቻለሁ። ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ቆየ። አሁን ነው ያየሁት።»

ደህንነቷን፣ የቤተሰቧን ሰላም ጠየቅኩ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቅኳት። ያን ቀን መልሱን መላክ ነበረብኝ አልኳት።

«ኧረ ምንም አይደል» አለች። «እኔ እኮ ሠርቼው ነበር። መጽሐፉ ከኋላው መልስ የለውም፤ ልክ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው። ወንድሜ ውረጅ፣ ጉም መጣ ሲለኝ ቸኩዬ ሌላኛውን ገጽ ሳልልከው ቀረ።»

ከዚያ የዓመት ደብተሯን አውጥታ ፎቶ ላከች። 2ን ወደ ግራ አምጥታለች፣ በአንድ አካፋይ አድርጋለች፣ ከላይ 7 ሲቀነስ ኤክስ፣ ከታች ኤክስ ሲቀነስ 3። በምንም ምልክቱ በማይታወቅ ነገር አላባዛችም። ከሥር መስመር አስምራ ጽፋለች፦ ኤክስ ከ3 ይበልጣል፣ እስከ 7 ነው፤ 7 ይገባል፣ 3 አይገባም።

እኔ አንድ ዓመት ሙሉ መልስ ልስጥ ወይስ ልከልክል እያልኩ ስሟገት፣ ልጅቷ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነበር። ሚዛን ነው የጠየቀችኝ፤ አጎቴ «ድምሩ 30 ካልሆነ ተሳስተሃል» ብለው የሰጡኝ ዓይነት። መልሱን ብቻ ስትል ሌላው ሁሉ አለኝ ማለቷ ነበር። እኔ የሌላትን እንጂ ያላትን አላሰብኩም።

አሁን የምንሠራበትን መንገድ ቀይረናል። ከሩቅ የሚጽፍ ተማሪ ሲሆን ሦስት ፎቶ በአንድ ጊዜ እንልካለን። አንደኛው ላይ ፍንጭ ብቻ፣ ሁለተኛው ላይ አሠራሩ፣ ሦስተኛው ላይ መልሱ። በየትኛው እንደሚጀምር ተማሪው ይወስናል። ጓደኛችን አሁንም «ሁሉም ሦስተኛውን ነው የሚከፍተው» ትላለች። አንዳንዱ በእርግጥ ይከፍታል። ጎረቤቴ ልጅ ቢሆን ይከፍት ነበር፤ ለእሱ ግን ቴሌግራም አያስፈልገውም፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ደብተሩን ይዤ ልጠይቀው እችላለሁ። አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ቡናው ይቀዘቅዛል እንጂ ይጠጣል።

ለልጅቷ ያን ቀን ምን ብዬ እንደምጽፍላት ጥቂት አሰብኩ። አሠራሯን ላድንቅ፣ ሌላ ከበድ ያለ ጥያቄ ልጨምርላት፣ ስለ መስከረም ምዝገባ ልጠይቃት። ያ ሁሉ ኋላ መጣ። መጀመሪያ ግን ከዓመት በፊት የጠየቀችኝን ላኩላት።

«ልክ ነው» አልኳት።